ሥራ ሳይጠፋ ገንዘብ ሲጠፋ

(የሒሳብ ሥራ በምንሠራ አባላት ስም በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ በግላቸው ድረ ገጽ ስለሚሠሩ ሰዎች እንነጋገር ስንል «ይኼ የልጆች ነገር ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። ርእሱን ለሰብሳቢያችን ስንነግራቸውም «ስለ በርበሬ ዋጋ ብትነግሩን አይሻልም?» ብለው አስቀውናል። ነገር ግን በማኅበራችን ውስጥ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ አራት እህቶች አሉ። የአንዳንዶቻችሁም ልጆች ከኮሌጅ ወጥተው ቅጥር ሲያጡ የያዙት ይህንኑ ሥራ ነው። ከአራቱ አንዷ ባለፈው ዓመት ከማኅበራችን ብድር ጠይቃ ተከልክላለች። የከለከልናትም እኛው ነን። ታሪኳን እንድንናገር ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ብቻ እንዳንጠራ ጠይቃናለች።

ሥራውን ለማታውቁት በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ሆቴል ወይም አስመጪ በኢንተርኔት ላይ የሚታይበት ገጽ ይፈልጋል። እህታችን ቤቷ ተቀምጣ በላፕቶፕ ትሠራለታለች። ከሥራዋ ዋጋ ሌላ በየዓመቱ የሚከፈሉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ዶሜይንና ሆስቲንግ ይባላሉ። ዶሜይን የሱቁ ታፔላ ነው በሉት፤ ሆስቲንግ ደግሞ የሱቁ ኪራይ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም የሚከፈሉት ለውጭ አገር ኩባንያ፣ በዶላር ነው።

እኛ እንደምታውቁት ቅዳሜ ቅዳሜ የአባላትን ሒሳብ በነጻ እንሠራለን። ይህች እህታችን በግብር ደረጃዋ «ሐ» ስለነበረች መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረባትም፤ ሥራዬን ልወቀው ብላ ነው የመጣችው። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ዓመቱን ስንዘጋላት በ412,000 ብር ሥራ ሠርታ አገኘናት። ወጪዋን ቀንሰን «ጎበዝ፣ ዘንድሮ አትርፈሻል» አልናት። ዝም ብላ ወረቀቱን አየችውና «ታዲያ ብሩ የት አለ?» አለችን። የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈለችው ከእናቷ ተበድራ ነበር። የእቁቧን ሁለት ዙርም አላሟላችም።

ያን ቀን አፍረናል። ለደንበኛ የክፍያ መጠየቂያ በላከች ቁጥር ገቢ ብለን እየመዘገብን ነበር። በሒሳብ ትምህርት ይህ ስሕተት አይደለም፤ «ተሰብሳቢ ሒሳብ» ይባላል፤ እኛም ኮሌጅ የተማርነው እንዲሁ ነው። ነገር ግን እጇ የገባው 231,000 ብር ብቻ ነበር። የቀረው 181,000 ብር በሰባት ደንበኞች ዘንድ ቀርቷል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። እኛ ደግሞ ወተቷን በሊትር ቆጥረን አስረከብናት።

ኑሮ ሲከብድ ድረ ገጽ የሚያሠራ ሰው ይጠፋል ብለን እናስባለን። በእርግጥ ይቀንሳል፤ ብዙው ነጋዴ «የቴሌግራም ቻናል ይበቃኛል» እያለ ትቶታል። የዚህች እህታችን ሥራ ግን አልጠፋም። እንዲያውም ያን ዓመት እንቅልፍ አልነበራትም። የጠፋው ክፍያው ነው።

እንዴት እንደሚጠፋ በአንድ ደንበኛዋ ላይ ተከታትለን አየነው። ሰውዬው ዕቃ አስመጪ ነው። ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው በባንክ ብድር ነበር። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ብሔራዊ ባንክ ለዋጋ ንረቱ መላ ሲፈልግ ባንኮች በዓመት ብድራቸውን ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ወሰነ። የውሳኔውን ደግነትና ክፋት ለባለሙያዎቹ እንተወው። አስመጪው ግን የለመደውን ብድር አጣ። እጁ ላይ ካለችው መጀመሪያ ጉምሩክ ከፈለ፤ ዕቃው አይለቀቅለትማ። ቀጥሎ የባንኩን ዕዳ ከፈለ፤ መያዣው ቤቱ ነዋ። ከዚያ የሱቅ ኪራይ፣ ደመወዝና ግብር መጣ። የድረ ገጿ ልጅ የመጨረሻዋ ናት፤ ባይከፍላት ምንም አይቆምበትም። እሷም ስትደውል «ፊርማ ያለበት ሰው ፊልድ ወጥቷል» ይባላል፤ በሳምንቱ «ከበዓሉ በኋላ» ይባላል። እንጀራ አቅራቢዋ ካልተከፈላት በማግስቱ እንጀራ አታመጣም። አከራይ በሩን ይቆልፋል። ይህች እህታችን ግን ገጹ እንዳይዘጋ የሆስቲንጉን ኪራይ ራሷ ትከፍልለት ነበር! ለምን ስንላት «ስሜ አለበት፤ ተዘግቶ ሌላ ደንበኛ ቢያየው ሥራዬ ይበላሻል» አለች።

ባንክ የከለከለውን ብድር እሷ ሰጠችው ማለት ነው፤ ያለ ወለድ፣ ያለ መያዣ። እኛም ያለ ደመወዝ ማስረጃ ብድር አንሰጥሽም ስንላት ለሰባት ድርጅቶች አበዳሪ ሆና ነበር የቆየችው።

በዚህ ላይ የዶላሩ ነገር መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር በላይ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር አለፈ፤ ጥቂት ቆይቶ ከ100 በላይ ሆነ። እህታችን ከስድስት ደንበኞች ጋር «የዓመቱን ሆስቲንግ ጨምሮ» ብላ በብር ተዋውላለች። ለእያንዳንዱ 60 ዶላር፣ በድምሩ 360 ዶላር ነው። መሥሪያ ቤቱ ዓለም አቀፍ ካርድ ያወጣለት የአጎቷ ልጅ በባንክ ዋጋ ይከፍልላታል፤ እሷ በብር ትመልስለታለች። በ57 ብር አስባ የያዘችው 20,520 ብር ነበር። ክፍያው ሲደርስ ዶላሩ 120 ብር ገደማ ገብቶ 43,200 ብር ተጠየቀች። ልዩነቱ ከማን ኪስ እንደወጣ መንገር አያስፈልገንም።

ሁሉም ላይ ግን እንዲህ አልወደቀም። ከአራቱ አንዷ የምትሠራው አሜሪካ ላለ አነስተኛ ድርጅት ነው። እዚያ ወለድ ጨምሮ ሜታና ጉግልን የመሳሰሉ ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው ከ10,000 በላይ ሠራተኛ እናሰናብታለን ባሉበት በ2015 ዓ.ም. የእሷም ድርጅት ሥራዋን በግማሽ ቀነሰባት። ያን ጊዜ አልቅሳለች። በ2016 መጨረሻ ግን ያው ግማሽ ዶላር ሲመነዘር የቀድሞውን ያህል ብር ሆነላት። ዕድል ነው። የአንዷ ወጪ የሌላዋ ገቢ ሆኖ በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ሦስተኛዋ እህታችን ናት ያስተማረችን። የእሷ ደንበኞች አስጎብኚ ድርጅቶችና የእንግዳ ማረፊያዎች ነበሩ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን ሲገኝ ቱሪስት ቀረ፤ ይመለሳል ሲባል በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ። ሥራዋ ሙሉ በሙሉ ቆመ። ይሁን እንጂ ማንም ዕዳ አልያዘባትም፤ እሷም የማንም ዕዳ አልነበረባትም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ልብስ ሰፊ ደግሞ ቀብድ ሳትቀበል ጨርቅ አትቆርጥም። ልጅቷም ግማሹን ሳትቀበል ላፕቶፕ አትከፍትም፤ ሆስቲንጉንም በደንበኛው ስምና በደንበኛው ገንዘብ ታስከፍላለች። ዓመት ሙሉ ልጆች እያስጠናች ቆየች፤ ሥራው ሲመለስ ያለ ዕዳ ጀመረች።

«ቀብድ ብጠይቅ ደንበኛው ወደ ሌላ ይሄዳል» የሚለውን ፍርሃት እናውቀዋለን። እውነትም የሚሄድ አለ። ነገር ግን በክፉ ጊዜ ቀብድ አልከፍልም ያለ ሰው ሥራው ካለቀ በኋላ ይከፍላል ብሎ ማመን ይከብዳል። የሰባቱን ባለዕዳዎች ወረቀት አገላብጠን አይተናል፤ ቀብድ የከፈለ አንድም የለባቸውም።

አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። የግብር መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ሳይኖራችሁ ለድርጅት የምትሠሩ፣ ድርጅቱ ከክፍያችሁ 30 በመቶ ቀንሶ ለመንግሥት እንዲያስገባ ሕጉ ያዛል። በደህናው ጊዜ ይህን የማያነሳ ሒሳብ ክፍል ገንዘብ ሲያጥር ያነሳዋል። ያኔ የሰው ደረሰኝ ተውሶ ማቅረብ መፍትሔ አይደለም፤ ወንጀል ነው። ሁለት ልጆች እንዲህ ሊያደርጉ ሲሉ ደርሰንባቸዋል። ፈቃዱን አውጡ።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። የማኅበራችን የብድር ደንብ የደመወዝ ማስረጃ ወይም ሁለት ደመወዝተኛ ዋሶች ይጠይቃል። ደንቡ ሲወጣ አብዛኞቻችን የመንግሥት ሠራተኞች ነበርን። ዛሬ ግን በየወሩ ደመወዝ የማትቀበል አባል ብዙ ናት፤ ድረ ገጽ ሠሪዋ ብቻ ሳትሆን የድግስ አብሳይዋም፣ ሹራብ ሠሪዋም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንዲት አባል በደንበኛው ፊርማና ማኅተም የተረጋገጠ ውል፣ ቀብድ የተቀበለችበትን ደረሰኝና የሦስት ወር የባንክ ወይም የቴሌብር መግለጫ ካመጣች፣ በውሉ ላይ ከቀረው ክፍያ እስከ ግማሽ ድረስ ብትበደር። ቀብድ ያልተቀበለችበትን ውል አንቀበልም፤ በዚህ ላይ አንደራደርም። «ደንበኛው ካልከፈለስ፣ የእኛ ቁጠባ አይደለም ወይ?» ብለው አንዲት እናታችን ጠይቀውናል። ትክክል ናቸው፤ ሊሆን ይችላል። ግማሽ ያልነውም ለዚሁ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመትም ከብድር ገንዘባችን አንድ አሥረኛው ብቻ ለዚህ እንዲመደብ እንጠይቃለን።

የቅዳሜውንም አሠራር ቀይረናል። አሁን በእያንዳንዷ መዝገብ ላይ ሁለት ዓምድ አለ፤ የተጠየቀና የተቀበለች። ትርፍ የምንነግራት ከሁለተኛው ዓምድ ነው።

እህታችን ከ181,000 ብሩ እስከ ዛሬ የሰበሰበችው 94,000 ነው። ሁለት ደንበኞች ሱቃቸውን ዘግተዋል፤ ከእነሱ ተስፋ ቆርጣለች። አስመጪው በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ መክፈል ጀምሯል፤ ከሆስቲንጉ እጇን ካነሳች በኋላ ነው የጀመረው።

ረቂቁ በጸሐፊያችን ዘንድ አለ። ድምፅ የምንሰጥበት በሚቀጥለው ወር ስለሆነ እስከዚያ አንብባችሁ፣ የማይስማማችሁን አንቀጽ አስምራችሁ ይዛችሁ ኑ።