ስለ ውዝዋዜ ልምምድና ስለ አጥንት ጽናት የተደረገ ንግግር



ልጅን በውዝዋዜ ማልመድ አጥንቱን ያጸናዋልን ወይስ ይጎዳዋል ተብሎ ቢጠየቅ፤ ሁለቱም እውነት ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ልግለጽላችሁ።

አጥንት እንደ ድንጋይ በድን አይደለም፤ ዕለት ዕለት እየፈረሰ ዕለት ዕለት ይታነጻል። የጀርመን አገሩ ሐኪም ዩልየስ ቮልፍ በአውሮጳ ቁጥር በ1892 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ፤ አጥንት እንደሚሸከመው ጭነት ራሱን እንደሚለውጥ አስረዳ። ስለዚህ የሚዘልና የሚጨፍር ልጅ የዳሌውና የጭኑ አጥንት ይበረታል። ነገር ግን የአጥንት ሀብት አብዛኛው የሚከማቸው ሃያ ዓመት ሳይሞላ ነውና፤ በዚያ ዘመን የጎደለውን በኋላ መሙላት ጭንቅ ነው።

ባሌት በሚባለው የአውሮጳ ውዝዋዜ ልጃገረዶች ከሕፃንነታቸው ጀምረው በየቀኑ ብዙ ሰዓት ይለማመዳሉ። ቅጥነትም እንደ ውበት ስለ ተቈጠረ፤ እየደከሙ ይራባሉ። በአውሮጳ ቁጥር በ1986 ዓመት ሚሼል ዋረን የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪም ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ስለ 75 የባሌት ተወዛዋዦች ያገኙትን አሳተሙ። ከ75ቱ 46ቱ አጥንታቸው ተሰብሮ ያውቃል፤ የ18ቱም አከርካሪ ጠሞ ተገኘ። ከስብራቱ የሚበዛው በመውደቅ የመጣ አይደለም፤ ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ እንደሚሰነጠቅ፤ በእግራቸው ላይ ያሉት ቀጫጭን አጥንቶች በድካም ብዛት ተሰነጠቁ እንጂ። ልማደ አንስት ዘግይቶ የመጣባቸው ወይም የተቋረጠባቸውም ብዙዎች ነበሩ።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ምግብ ከድካም ሲያንስ አንጎል ለመውለድ የሚያዘጋጀውን ሥራ ያግደዋል፤ ኤስትሮጂን የተባለውም ቅመም ይጎድላል። አጥንት ከመጠን በላይ እንዳይፈርስ የሚጠብቀው ግን ይኸው ቅመም ነበር። ስለዚህ በአንዲት ተወዛዋዥ ሰውነት ዳሌዋ በመዝለል ሲጸና፤ ጭነት ያልበዛበት የአከርካሪዋና የክንዷ አጥንት ሊሳሳ ይችላል። ሚዛንም ይህን አይናገርም፤ ቀለለች ይላል እንጂ፤ የጎደለው ስብ ይሁን ጡንቻ ወይም አጥንት አይለይም። እኔስ ተማሪን በጓደኞችዋ ፊት መዝኖ ቅጥነትዋን ማመስገን ከስንፍና ሁሉ የከፋ ይመስለኛል።

ወንዶችስ ትሉኝ ይሆናል። የዓለም አቀፍ የኦሊምፒክ ማኅበር ሊቃውንት በአውሮጳ ቁጥር በ2014 ዓመት ጉዳቱ ወንዶችንም እንደሚያገኝ ገልጸዋል።

በትምህርት ቤቶቻችን ለበዓል ቀን የሚጨፍሩ ልጆች ይህን ያህል አይደክሙምና አያስጋም፤ ይጨፍሩ። ነገር ግን ለብዙ ወር በየቀኑ የምትለማመድ ልጅ ብትኖር፤ ጤፍ፤ ወተትና ጎመን እንዳይጎድልባት ወላጆችዋን አሳስቡ። 15 ዓመት ሞልቷት ልማደ አንስት ያልመጣባት፤ ወይም መጥቶ ሦስት ወር የቀረባት እንደ ሆነ፤ መምህርት ወይም እናትዋ በስውር ጠይቃት ወደ ሐኪም ትውሰዳት። እግሯን በአንድ ስፍራ ብቻ ሲነኩት የሚያማት ከሆነም፤ ሐኪም እስኪያያት ድረስ አትዝለል።