የጀልባዋ ካምቢዮና የእኛ አደራ

በፀዳ ለተሰበሰቡ ምዕመናንና የፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



እርሻና ከብት ባለበት በዚህ በፀዳ ተሰብስበን ስለ ጀልባ መናገራችን ሳያስገርማችሁ አልቀረም። ይሁን እንጂ ከጎንደር ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርቃ በጎርጎራ ወደብ የምትታሰረው ጀልባ በእናንተ መዋጮ የተገዛች ናት። ስለዚህ የደረሰባትን መስማት መብታችሁ ነው፤ ሳንሸሽግ መናገርም የእኛ ግዴታ ነው።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ጀልባዋ አሥራ አንድ ሰዎች ጭና ወደ ጎርጎራ ትመለስ ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣ። ነጂያችን ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ያገሣል፤ ጀልባዋ ግን አትራመድም። እሱም ነዳጅ ጨመረ፣ አሁንም ጨመረ። በመጨረሻ የተቃጠለ ዘይት ሸተተን፤ ጀልባዋም ጭራሽ ቆመች። መልሕቅ ጥለን ተጣራን። ዓሣ አጥማጆች ከዳር አይተውን በደንገል ታንኳዎቻቸው ደረሱልን፤ ነፍሰ ጡሯን አስቀድመው ሌሎቹንም ተራ በተራ አወጡ። እናቲቱ በማግስቱ በሰላም ተገላገለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በዚያው ሳምንት ለእናንተ ደብዳቤ ጻፍን። «የጀልባዋ ካምቢዮ ስለ ተበላሸ ለአዲስ መግዣ ገንዘብ እንዲዋጣ» ብለን ጠየቅን። ይህን የጻፍነው ካምቢዮውን ሳንፈታ ነው። ብዙዎቻችሁም ከጎደሎ ኑሯችሁ ሰጣችሁ።

ከዚያ በኋላ የመኪናና የወፍጮ ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ወደ ጎርጎራ ይዘን ወረድን። መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት ሦስት ነገር ጠየቁን። «ልጆቼ፣ ኤሊካውን አይታችኋል? ዘይቱን ለክታችኋል? የማርሹን ገመድስ ፈትሻችኋል?» ሦስቱንም አላደረግንም ነበር።

የጀልባ ካምቢዮ ሥራው ብዙ አይደለም። የሞተሩን ፈጣን ዙር ቀንሶ ለኤሊካው ዘንግ ያስተላልፋል፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወይም ነጻ ያደርገዋል። በውስጡ ያሉት የፍሪሲዮን ዲስኮች ተጣብቀው ሲይዙ ጀልባዋ ትሄዳለች። በግማሽ ከያዙ ግን እየተንሸራተቱ ይግላሉ፣ ይቃጠላሉም። ስለዚህ ሞተሩ እየጮኸ ጀልባዋ ባትሄድ አስቀድሞ መታየት ያለበት የኤሊካው ዘንግ ነው። ዘንጉ እየዞረ ከሆነ ጥፋቱ ከኤሊካው ወይም በእሱ ላይ ከተጠመጠመው ነገር ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሽ ገብቶ ዘንጉ ካልዞረ ወይም እየጎተተ ከዞረ፣ ያን ጊዜ ወደ ገመዱ፣ ወደ ዘይቱና ወደ ካምቢዮው ይኬዳል። ኤሊካውን በእጅ ለመንካት ግን ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ይህን ማንም እንዳይዘነጋ።

አዛውንቱ ሲመረምሩ ሦስት ነገር አገኙ። በኤሊካው ዘንግ ላይ የናይለን መረብ ቁራጭ ተጠምጥሞ ነበር። የካምቢዮው ዘይት ወተት የገባበት ቡና መስሎ ነበር፤ ይህም ውኃ እንደ ገባበት ያስረዳል። ውኃው የገባው ዘይቱን በሐይቁ ውኃ ከሚያቀዘቅዘው ዕቃ ውስጥ ከተበሳች አንዲት ቱቦ ነው። ሦስተኛውም፣ የማርሹ ገመድ ማሠሪያ ብሎን ላልቶ ስለ ነበር እጀታው እስከ መጨረሻው ቢገፋም ማርሹ ሙሉ በሙሉ አልገባም። ዲስኮቹን ያቃጠለው ይህ ነው። ጥርሶቹና ኩሽኔታዎቹ ግን ደኅና ነበሩ። አዲስ ካምቢዮ አላስፈለገም፤ ዲስኮች፣ አንዲት ቱቦና ንጹሕ ዘይት በቂ ሆኑ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ያንን ብሎን ለማጥበቅ አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ዘይቱንም በየጠዋቱ ብናየው መልኩ ሲለወጥ ያስታውቀን ነበር። ነጂያችን ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም፤ የዘይት ምርመራ የማን ሥራ እንደሆነ በጽሑፍ አልሰጠነውምና። ጀልባዋን በጸሎትና በደስታ ተቀበልናት፤ ስለ ጥገናዋ ግን አልተነጋገርንም።

ሞተር በጣና ላይ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1986 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ሆላንዳውያን ድርጅቶች በተሳተፉበት የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለዓሣ አጥማጆች ገብቷል። ከሞተሩ ጋር ግን አዲስ ጭንቀትም ይመጣል። የመገጭ ወንዝ ከእኛው አካባቢ አፈር ጠርጎ ወደ ሐይቁ ይገባል። በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና መኖሩ የታወቀው እምቦጭም አለ። ደለልና አረም የውኃ ማጣሪያውን ሲዘጉት ዘይቱ ይግላል። ስለዚህ ማጣሪያውም በየጉዞው መጽዳት አለበት።

ያወጡን ዓሣ አጥማጆች ሲመሽ ታንኳቸውን ከውኃ አውጥተው ያደርቃሉ፤ ደንገል ውኃ ከጠጣ ይከብዳልና። ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው ፕሮጀክት የለም።

አሁን በጀልባዋ ውስጥ አንድ ደብተር አለ። ነጂው ከመነሣቱ በፊት ዘይቱን፣ ገመዱን፣ ማጣሪያውንና ኤሊካውን አይቶ ይፈርማል፤ ከእኛም አንዱ በየሳምንቱ ይመለከተዋል። ዘይቱ በካምቢዮው ሰሌዳ ወይም በመመሪያው የተጻፈው ዓይነት ብቻ ነው፤ የተገኘው ሁሉ አይጨመርም። ዘይቱ ከነጣ ወይም ማርሹ ከተንሸራተተ ጀልባዋ ሰው አትጭንም።

ከሰጣችሁት ገንዘብ የተረፈውን በተመለከተ፣ ሒሳቡ ዛሬ በእጃችሁ በታደለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። እናንተ የሰጣችሁት ለአዲስ ካምቢዮ ነው፤ ስለዚህ እንዲመለስላችሁ ወይም ለመለዋወጫ ዕቃ እንዲቀመጥ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ሳንመረምር ስለ ጠየቅናችሁ ይቅርታ እንለምናለን።

ወፍጮ፣ የውኃ ፓምፕ ወይም ሞተር ብስክሌት የተረከባችሁ ባልደረቦቻችንም ነገ ጠዋት ዘይቱን በማየት ሥራችሁን ጀምሩ።

ጌታ ይባርካችሁ።