ክራሩም፣ ማይክሮስኮፑም

ውድ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች፤

ዛሬ በተለይ ሳይንስ ያጠናችሁትን ላናግር። በአገራችን ልጅ ትምህርቱ ከገባው «ሥዕሉን ተወው፣ ደብተርህን ያዝ» ይባላል። ወላጅ ስለ ልጁ እንጀራ ተጨንቆ ነው፤ አልፈርድበትም። ምክሩ ግን ሳይንሱንም ይጎዳል።

ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ልጅ ሳለ ምኞቱ ሠዓሊ መሆን ነበር፤ አባቱ ወደ ሕክምና መሩት። ሐኪም ሆነ፣ እርሳሱን ግን አልጣለም። የነርቭ ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ ደጋግሞ እያየ በእጁ ይሥላቸው ነበር። የሚሥል ሰው ደግሞ ማድበስበስ አይችልም፤ ይህች ክር የት እንዳለቀች፣ ያችኛዋ ከየት እንደተነሣች መወሰን አለበት። ሌላው የዘመኑ ተመራማሪ ካሚሎ ጎልጂ ነርቭን አንድ የተያያዘ መረብ ነው ሲል፣ ካሃል ሕዋሳቱ እየራሳቸው የቆሙ መሆናቸውን አሳየ። በ1906 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማቱን ሁለቱ ተካፈሉት።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ፕሮፌሰር አብርሃም ቨርጌዝ አዲስ አበባ ተወልደው፣ ሕክምናንም እዚያው ጀምረው፣ በአብዮቱ ምክንያት ከአገር ወጡ። አሜሪካ ውስጥ ኤድስ ይህ ነው የሚባል መድኃኒት ባልነበረው ዘመን ሕሙማንን ሲያክሙ ቆይተው፣ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ድርሰት ተማሩ። ስመ ጥር ደራሲ ሆኑ፤ ሕክምናውንም አልተዉም። በስታንፎርድ ሐኪሞችን የሚያስተምሩት ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ አንሥተው ሕመምተኛውን በእጃቸው እንዲመረምሩ፣ ታሪኩን እንዲያዳምጡ ነው። ታሪክ መጻፍ የለመደ ሰው ታሪክ መስማት እንደሚያውቅ አምናለሁ።

እናንተ የተማራችሁት ደግሞ ባቲንና አምባሰልን ለቅኝት ስም በሰጠው በወሎ ምድር ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው አስተውላችኋል? ክሩን ይመታል፣ ጆሮውን ያዘነብላል፣ ጥቂት ያጠብቃል፣ እንደገና ይመታል፤ አንዷ ክር ከላላች ቅኝቱ ይፈርሳል። ሙከራው አልሳካ ያለው ተመራማሪ የሚያስፈልገው ይኸው ትዕግሥት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ምሕንድስና ሊማሩ ባሕር ማዶ ሄደው ሙዚቀኛ ሆነው ቢመለሱም፣ በሃርቫርድ ቆይታቸው ክራርን ለማዘመን ደክመዋል። ይህ ሙዚቃም ምሕንድስናም ነው።

ነገ ቦረና፣ ከላላ፣ ወግዲ ትመደቡ ይሆናል። መንዙማ የምትችሉ፣ ማሲንቆ የምትጫወቱ፣ ግጥም የምትጽፉ፣ ሥራ ያዝን ብላችሁ አትተዉት። የምታስተምሩበት ትምህርት ቤት የሥዕል መምህር ከሌለው የባዮሎጂ መምህሩ ይጀምረው፤ ልጆቹ ከግቢው አንድ አንድ ቅጠል ይዘው ይግቡና ጅማቱን አንድም ሳያስቀሩ ይሣሉት። ለዚህ እርሳስና ወረቀት ይበቃል።

እንኳን ደስ አላችሁ!