ሹራብ ከነስሞቹ

እኛ ሹራብ ብለን የምንገላገለውን ልብስ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በየዓይነቱ ይጠሩታል። ለንደን ውስጥ ትምህርት ቤቱ «ጃምፐር ግዙ» ካለ በአንገት የሚጠለቀውን ሹራብ ማለቱ ነው። አሜሪካ ግን ጃምፐር ከሸሚዝ ላይ የሚደረብ እጅጌ አልባ ቀሚስ ነው፤ ለወንድ ልጅዎ ቢጠይቁ ሻጩ ግር ይለዋል። እዚያ ስዌተር ይበሉ። ስሙ ከላብ የመጣ ነው፤ ድሮ ስፖርተኞች ላብ እንዲያወጣቸው ይለብሱት ነበር። ፑሎቨርም ያው በአንገት የሚገባው ነው፤ ብዙ አያስጨንቅም።

ካርዲጋን ግን ታሪክ አለው። ከፊት ተከፍቶ በቁልፍ የሚያያዘው ይህ ሹራብ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው የጦር አዛዥ ከሎርድ ካርዲጋን ነው። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1854 በክራይሚያ ጦርነት፣ ባላክላቫ ላይ፣ ፈረሰኞቻቸውን ይዘው ፊት ለፊት ወደ ሩሲያ መድፍ ጋለቡ። ከመካከላቸው ብዙ ሰው አልተመለሰም፤ እሳቸው ተመለሱ። ያን የመሰለ እልቂት የመራ ሰው ስሙ አያቶቻችን ትከሻ ላይ መቅረቱ፣ መቼም ይገርማል።

ጀርሲስ? ይህ የሹራብ ስም የመጣው ፈረንሳይ ዳርቻ አጠገብ ካለች፣ በሹራብ ሥራ ከታወቀች ደሴት ነው። ዛሬ አሜሪካኖች ጀርሲ ሲሉ በአብዛኛው የተጫዋች ማልያ ማለታቸው ነው። ማልያም ብትሆን ከጣሊያንኛ የመጣች ናት፤ በአገሯ ሹራብም ይጠራባታል።