ስለ ጤና አዳምና ስለ ዳማከሴ የተደረገ ንግግር



ባለፈው በጋ አንድ ጓደኛችን ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ተወለመና አበጠ። እኛም ለመርዳት ቸኩለን ከጓሮ ጤና አዳም ቆርጠን ጨምቀን አሸነው፤ ከዚያም ፀሐይ ላይ አስቀመጥነው። በሁለተኛው ቀን እብጠቱ ሳይጎድል ቆዳው ውሃ ቋጠረ። መምህራችን በኋላ እንዳስረዱን በጤና አዳም ጭማቂ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ ቆዳ ላይ ሳሉ ፀሐይ ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ። እናቱ አልተቆጡንም፤ ቢቆጡን ይቀለን ነበር።

ቅጠል ሁሉ ከንቱ ነው ልንል ግን አልቆምንም። በአየር ጤና በብዙ ግቢ ለምች የሚታሸው ዳማከሴ በአገራችን ሊቃውንት ተመርምሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር እያሱ መኮንን ያሉበት ቡድን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ባሳተመው ጥናት፣ ከቅጠሉ የወጣው ጭማቂ የአይጦችን የእግር እብጠት መቀነሱን ገልጿል።

ለቆዳ የሚቀባውን ለመፈተን ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ክሮቶን በሚባል ዘይት የአይጦች ጆሮ እንዲያብጥ ይደረጋል፤ ከፊሎቹ መድኃኒቱን፣ ከፊሎቹ መድኃኒቱ የሚሟሟበትን ፈሳሽ ብቻ ይቀባሉ። ከዚያም ከጆሮው ትንሽ ክብ ተቆርጦ ይመዘናል፤ ያበጠው ይከብዳል። እኛን ያስደነቀን ባዶውን ፈሳሽ መቀባታቸው ነው። ያለዚያ ያሻለው ቅጠሉ ይሁን ወይስ ማሸቱ በምን ይታወቃል?

አሁን የሳይንስ ክበባችን የየግቢውን ቅጠል ከነአጠቃቀሙ በደብተር እየመዘገበ ነው። እናቶቻችንና አያቶቻችን ሆይ፣ ያዳናችሁን ንገሩን፤ የጎዳችሁንም አትደብቁን።