ራሱን የተመታ ሰው
(በማኅበራችን ስብሰባ የተነገረ)



በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ሰው ከበቅሎ ይወድቃል፤ ከገደል ይንከባለላል፤ ከገበያ መልስም በዱላ ይማታል። የተመታው ተነሥቶ አቧራውን ካራገፈ «ተረፈ!» ብለን ቡና እናፈላለን። እኛ የምንፈራው ይህንኑ ነው። የራስ ቅል ሲሰነጠቅ ከሥሩ ያለው የደም ሥር ሊበጠስ ይችላል። ደሙ በአጥንቱና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ይጠራቀማል፤ አጥንት አይለጠጥምና አንጎልን ይጫናል። ሰውየው ግን ለጥቂት ሰዓት ደኅና መስሎ ሊጫወት ይችላል። ኋላ ራሱን ያመዋል፤ ያስመልሰዋል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ የአንደኛው ዓይን ብሌን ከሌላው ይሰፋል። «ደክሞት ነው፥ ይተኛ» ብለን ጋቢ የምናለብሰው ያን ጊዜ ነው!

ሐኪም በጊዜ ካገኘው ቅሉን ከፍቶ ደሙን ያወጣለታል፤ ብዙዎችም ይድናሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ትምህርት የተጀመረው ገና በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲም ረድቷል። ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ ግን ሩቅ ነው፤ ስለዚህ ጉዞው ሳይመሽ ይጀመር። ስለ ጠበል ክርክር የለንም፤ ሐኪም ይቅደም እንላለን።

ራሱን የሳተውን አንገቱን ሳናጣምም በጎኑ እናስተኛው፤ ውሃም ጠላም አናጠጣው። የተመታበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰውም አብሮት ይሂድ፤ ሐኪሙ ይጠይቃልና።