ለስላሳ መጠጥ፥ ማስታወቂያና የተማሪዎች ጤና



ነጭና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም ከተማ ሕዝቡ ጥማቱን የሚቈርጥበት የራሱ መጠጥ ከጥንት ጀምሮ ነበረው፤ ይኸውም ከርከዴ፥ አረዴብ የሚባለው የሁመር ፍሬ፥ ተበልዲ ከተባለውም ታላቅ ዛፍ የሚገኘው ጎንጎሌዝ ነው። በእነዚህም ሆነ ሴቶች በመንገድ ዳር በሚያፈሉት ሻይ ስኳር መጨመሩ አይካድም። ዳሩ ግን ጠጪው ማንኪያውን በዓይኑ ያያል፤ ቢበዛበትም «ይቀነስልኝ» ለማለት ይችላል።

የፋብሪካ ጠርሙስ ግን ማንኪያውን ይሰውራል። 330 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ይህም ወደ 9 የሻይ ማንኪያ ይጠጋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ዐዋቂ ሰው የሚጨመረው ስኳር በቀን ከ25 ግራም ባያልፍ እንደሚሻል አስታውቋል።

በኮርዶፋን ከግራር ዛፍ የሚለቀመው ሙጫ የለስላሳ መጠጥ ጣዕምና ቀለም እንዳይለያይ ያገለግላል። ስለዚህም አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 በሱዳን ላይ ማዕቀብ ስትጥል ሙጫው እንዲሸጥ ተፈቅዶ ነበር። ሱዳን ሙጫው አላት፤ በነጭ ዓባይ አጠገብ በከናና የተተከለ የስኳር ፋብሪካም አላት፤ ውኃውንም ዓባይ ይሰጣታል። እንግዲህ ገዢው ዋጋ የሚከፍለው በአብዛኛው ለስሙ ነው። ስሙን ያገነነው ደግሞ ማስታወቂያ ነው።

ማስታወቂያም ስለ ስኳሩ አይናገርም፤ ስለ ወዳጅነት፥ ስለ ኳስ ጨዋታ፥ ስለ በዓል ይናገራል። ለባለሱቁ ማቀዝቀዣ ሰጥቶ ስሙን በበሩ ላይ ያስጽፋል። ሕፃኑም ማንበብ ሳይችል የጠርሙሱን ምልክት ይለያል።

ከዚህ የሚከተለው የጥርስ መበላሸት፥ ከልክ ያለፈ ውፍረትና የስኳር በሽታ ነው። በሽታውም በሰላም ጊዜ ከባድ ሲሆን፥ በመከራ ጊዜ ይብሳል፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሥቶ ሆስፒታሎች ሲዘጉ፥ ኢንሱሊን ላጡ ሕሙማን እያንዳንዱ ቀን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ነበር።

የዓለም የጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ትምህርት ቤቶች ከእንዲህ ያለው ማስታወቂያ ነፃ እንዲሆኑ የሚመክረውን ሐሳብ ደግፏል። ቺሊም እ.ኤ.አ. በ2016 ስኳር የበዛበት መጠጥ በትምህርት ቤት እንዳይሸጥ ከልክላለች። ሹማምንት የትምህርት ቤቱን በርና ግድግዳ ከማስታወቂያ ሊጠብቁ ይገባል። መምህርም በተማሪዎቹ ፊት በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ 9 ማንኪያ ስኳር አንድ በአንድ እየቈጠረ ቢጨምር፥ ማስታወቂያው የሰወረውን ማንኪያ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ።